የአደራ ደብዳቤ

ከተማችን ንፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው ከነፋሱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው ጎዳና ዳር ተቀምጣለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ወረቀት ይዞ በአደባባይ የሚያልፍ ሰው ወረቀቱን በሁለት እጁ አጥብቆ ካልያዘ ነፋሱ ነጥቆ ወደ ቆላው ይሰድበታል። እኔም በባንክ ቤት መስኮት ሥር ወረቀት ሳገላብጥ የምውል ሰው ስለሆንሁ የወረቀትን ቅለትም ክብደትም በየቀኑ አየዋለሁ። ውድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ከእጅ ወጥቶ ባሕር ስለሚሻገር ትንሽ ወረቀት ነው።

ነገሩን ያስነሣው የአባቴ አልበም ነው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መምህር ነበሩ። በ1960ዎቹ፣ በተማሪነታቸው ዘመን፣ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቻቸው ከባሕር ማዶ የብዕር ጓደኞች ነበሯቸው። ከሚመጣላቸው ደብዳቤ ላይ ቴምብሩን በለብ ያለ ውኃ እያላቀቁ፣ በጨርቅ እያደረቁ፣ አረንጓዴ ሽፋን ባለው አልበም ውስጥ ያኖሩ ነበር። የሌላው ዓለም ቴምብር በልዋጭ ስለሚመጣ የእኛንም አገር ቴምብር አንድ ለመላክ፣ አንድ ለማስቀረት ሁለት ሁለት እያደረጉ ይገዙ ነበር። በአልበሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከአንድ አዛውንት ነጋዴ ያገኟቸው ሦስት የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቴምብሮች ነበሩ። አባቴ ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው አልበሙን በእጄ ሰጥተው የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አደራ» አሉኝ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ሲመጣ እናቴ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ አስቀድማ የሸሸገችው ያንን አልበም ነበር፤ ከጎታው ውስጥ፣ ከገብሱ ሥር።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል የአገራችን ሰው። ታዲያ በፖስታ ቤታችን አነጋገር በመዝገብ ሰፍሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከእጅ ወደ እጅ በፊርማ የሚተላለፈው ደብዳቤ «የአደራ ደብዳቤ» ይባላል። እንግሊዞቹ ለዚህ ነገር ያወጡት ስም መዝገቡን የሚያስታውስ ነው፤ የእኛ ስም ግን ሕሊናን ይጠራል። ይህ ቃል በአእምሮዬ ሲመላለስ ነው ወደ ኋላ ሄጄ፣ ከዚህች አገር ወደ ባሕር ማዶ የተላከ ወረቀት ምን እንደ ገጠመው ለማየት የተነሣሁት።

ከጋይንት ምድር በማይርቅ ታሪክ ልጀምር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በአማርኛ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነት ፈለጉ፤ መልእክተኞቻቸውንም ወደ ለንደን ለመስደድ መንገድ እንዲበጅላቸው ጠየቁ። ደብዳቤውን የተረከበው ቆንስሉ ካሜሮን ነበር። የንጉሡ አሳብ ቆንስሉ ራሱ አድርሶ መልሱን ይዞ እንዲመለስ ነበር። እርሱ ግን ደብዳቤውን በሌላ እጅ ወደ ጠረፍ ልኮ፣ ራሱ ወደ ቦጎስ አገር አቀና።

በዚያ ዘመን በአገራችን ፖስታ ቤት የለም፤ ቴምብርም የለም። ደብዳቤ የሚጓዘው በሰው እግር ነው። ከደጋው እስከ ቀይ ባሕር ድረስ የሞላ ወንዝ አለ፤ ሽፍታ አለ፤ የቆላ ንዳድ አለ፤ ኬላ ጠባቂም አለ። ያ ደብዳቤ ግን ይህን ሁሉ አልፎ፣ ምጽዋን ተሻግሮ፣ በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ገባ። አራት ወር እንኳ አልሞላውም፤ ለዘመኑ ግሩም ፍጥነት ነበር። መንገድ ያልበላውን ደብዳቤ የበላው ጠረጴዛ ነው። በእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያሉት ሰዎች ተቀብለው፣ ተርጉመው፣ ወደ ጎን አኖሩት። መልስ የሚጽፍ አልተገኘም። ንጉሡ ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ ወሬ ጠፋ፤ በ1856 ዓ.ም. ካሜሮን ታሰረ። መልሱ የተጻፈው የእስሩ ወሬ ለንደን ከደረሰ በኋላ ነበር። ራሳም የተባለው መልእክተኛ ያንን መልስ ይዞ ምጽዋ ከደረሰ በኋላም ከዓመት በላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ከንጉሡ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ጥያቄና መልስ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ተራራቁ።

በባንክ ሙያ «ደረሰ» እና «ተቀበልሁ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ገንዘብ የላከ ሰው እንቅልፍ የሚወስደው ተቀባዩ ፈርሞ የወሰደበትን ወረቀት ሲያይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ያጡት ይህንን ወረቀት ነው። ደብዳቤያቸው መድረሱን ቢያውቁ እንደ ንቀት ይቆጥሩት ነበር፤ አለመድረሱን ቢያውቁ ሌላ ይልኩ ነበር። ከሁለቱም የከፋው አለማወቁ ነበር። ያንን ጦር ያመጣው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚል ታሪክ ጸሐፊ የለም፤ ነገር ግን ከጦሩ መነሻዎች አንዱ ያልተመለሰው ደብዳቤ እንደ ነበር የሚክድም የለም።

የዚያ ታሪክ ፍጻሜ በእኛው ደጅ ያልፋል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። በጋፋት ያሠሩትንና ክብደቱ ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እየጎተቱ፣ የጋይንትን ደጋ አቋርጠው፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ቤተ ሖር፣ ከዚያም የጅዳን ገደል ወርደውና ወጥተው ወደ ደላንታ ዘለቁ፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን ጠጥተው ዐረፉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ ከዛሬው ጉዳዬ ጋር የሚገጥመውን አንዱን ክፍል ላስታውስ። እንግሊዞቹ ከመቅደላ የዘረፉትን ዕቃ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው በደላንታ ሜዳ ላይ ዘረጉት። ለሁለት ቀን ጨረታ ተባለ። 5,000 ፓውንድ ያህል ተሰበሰበ፤ ለወታደሩም ተከፋፈለ። ከገዢዎቹ ዋናው ሪቻርድ ሆምዝ ነበር፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሆኖ ከጦሩ ጋር የመጣ፣ ከእነ ገንዘቡ የመጣ ሰው። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ለሙዚየሙ ተገኙ።

እስቲ አስቡት፤ ይህ የከበረ ዕቃ ሰብሳቢ የሆነ የባሕር ማዶ ገዢ ነው። ዕቃውን ያጓጓዘለት ፖስታ ቤት አልነበረም፤ ጦር ነው። ይጠፋብኛል ብሎ አልሠጋም፤ ሐሰተኛ ይሆን ብሎ አልተጠራጠረም፤ ቀረጥም አልጠየቀውም። በማንኛውም ንግድ ውስጥ ኪሣራ ወይ በሻጭ፣ ወይ በገዢ፣ ወይ በአጓዥ ላይ ይወድቃል። በደላንታ ግን የኪሣራው ሁሉ ዕዳ ባልሸጠው ባለቤት ላይ ወደቀ። ይህን ነገር እባካችሁ በልባችሁ አኑሩልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከዚያ 26 ዓመት አለፈ። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ለሥራው የደከሙት የስዊስ ተወላጁ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ ነበሩ። ቴምብሮቹ የተቀረጹት በፈረንሳዊው ቀራጭ በኤዤን ሙሾን፣ የታተሙትም በፓሪስ ነው። ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ አንድና ሁለት ግርሽ የሚያወጡት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ አራት፣ ስምንትና አሥራ ስድስት ግርሽ የሚያወጡት ሦስቱ ደግሞ የይሁዳን አንበሳ ይዘው ወጡ። 16 ግርሽ በዚያ ዘመን አንድ ብር ነው። አባቴ ያቆዩልኝ ሦስቱ ቴምብሮች ከእነዚህ ወገን ናቸው።

የእነዚህ ቴምብሮች ዕድል የሚገርም ነው። የተሠሩት ደብዳቤ ተሸክመው እንዲጓዙ ነበር፤ ነገር ግን ከሐረርና ከአዲስ አበባ የፖስታ መስኮት አስቀድሞ በፓሪስ ለሰብሳቢዎች ተሸጡ። ጉልበት ሳያወጡ ከማተሚያው ቤት በቀጥታ ወደ አልበም የገቡት ብዙ ናቸው። በእርግጥ በደብዳቤ ላይ ተለጥፈው፣ በበቅሎና በግመል ጀርባ በረሃ አቋርጠው የተጓዙት ጥቂት በመሆናቸው የዛሬ ሰብሳቢ እነርሱን አጥብቆ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ በዓለም የፖስታ ኅብረት ውስጥ አልገባችምና ቴምብሯ ከጠረፍ በኋላ ዋጋ አልነበረውም። ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ የሚሄድ ደብዳቤ እስከ ጅቡቲ በምኒልክ ቴምብር ይጓዝና ከዚያ ወዲያ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ሊጨመርለት ግድ ነበር። አንድ ፖስታ በሁለት መንግሥት ቴምብር ሲጓዝ፣ ሁለት ዋስ የጠራ ባለጉዳይ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1903 ድረስ ባሉት ዓመታት በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ ተጨማሪ ጽሑፍ በማኅተም ይደረግባቸው ጀመር፤ በመጀመሪያ የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎ «ቦስታ»፣ ቀጥሎም «መልእክት» የሚለው ቃል ታተመባቸው። ማኅተሙ የተጨመረበት ቴምብር ካልተጨመረበት ይልቅ በገበያ ስለ ተወደደ፣ አስመሳይ ማኅተም ቀራጮች በአውሮፓ ተነሡ። የቴምብር መዘርዝሮች እስከ ዛሬ ድረስ ሰብሳቢውን በእነዚህ ማኅተሞች ሐሰተኛነት ያስጠነቅቃሉ። የቴምብሩ ወረቀት እውነተኛ ሆኖ በላዩ ያለው ቃል ውሸት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ግጥም የሚጽፍ ሰው ይህን ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም፤ በእውነተኛ ወረቀት ላይ የሐሰት ቃል ማኖር የእኛም ሙያ ፈተና ነውና።

በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1874 በበርን ከተማ የተመሠረተ ነው። የአሳቡ ቅንነት ያስደንቃል፤ አባል አገሮች ሁሉ ለፖስታ ሥራ እንደ አንድ አገር ይቆጠራሉ፤ በአንዱ አገር የተከፈለበት ደብዳቤ በሌላው አገር እንደ ተከፈለበት ይታያል። የምኒልክ ቴምብር ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ፈረንሳይ ዋስ ባሕር ተሻገረ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደብዳቤው ከግመል ወረደ። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሲያርፍ የአይሮፕላን ምልክት የታተመባቸው ቴምብሮች ወጡ። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ደብዳቤያችን ከመልእክተኛ እግር ወደ ክንፍ ተሸጋገረ።

መንገዱ ሲያጥር ግን አደጋው ስሙን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ሰብሳቢ የሚፈልገው ነገር ምንጊዜም ትንሽ፣ ቀላልና ውድ ነው፤ ሌባም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 በብሪቲሽ ጊያና የታተመ አንድ ሳንቲም የሚያወጣ ቀይ ወረቀት፣ ማዕዘኖቹ የተቆረጡ፣ በ2021 በኒው ዮርክ ጨረታ ከስምንት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። ዛሬ በሌላው ዓለም ያሉ ወጣቶች ደግሞ የኳስ ተጫዋቾች ወይም የፖኬሞን ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች ከአገር አገር ይሻሻጣሉ፤ የእነርሱም ጭንቀት ከቴምብር ሰብሳቢው ጭንቀት አይለይም። ጫፉ ከታጠፈ ዋጋው ይወርዳል። እርጥበት ከነካው ይበላሻል። ገዢው «የደረሰኝ ሌላ ነው» ቢል የሚመሰክር የለም። ሻጩ ባዶ ፖስታ ልኮ «ልኬያለሁ» ቢልም እንዲሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ፤ ማን ይቅደም? ገንዘብ ይቅደም ወይስ ዕቃ? የቡና ላኪዎቻችን ይህን ጥያቄ የሚፈቱት በባንክ ነው። የገዢው ባንክ «ሰነዱን አቅርብ፣ እከፍላለሁ» ብሎ ቃል ይገባል፤ ላኪው ቡናውን ጭኖ የመርከቡን ሰነድ ያቀርባል፤ ገንዘብና ሰነድ በባንኮች እጅ ይለዋወጣሉ። ሌተር ኦፍ ክሬዲት የምንለው ይህ ነው፤ ባላገሩ «ዋስ ጥራ» የሚለውን ነገር በወረቀት ያደረጉት ነው። አንዲት ቴምብር የሚሸጥ ሰው ግን እንዲህ ያለ ዋስ አይጠራም፤ የባንኩ ወጪ ከቴምብሩ ዋጋ ይበልጥበታል። ያለው ዋስ የአደራ ደብዳቤ ብቻ ነው።

የአደራ ደብዳቤን ኃይል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1958 ሃሪ ዊንስተን የተባለው የኒው ዮርክ ዕንቊ ነጋዴ «ሆፕ» የተባለውን ዝነኛ ሰማያዊ አልማዝ ዋሽንግተን ለሚገኘው ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ሰጠ። የላከው በታጠቀ ዘብ አልነበረም፤ በተራ ቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ በአደራ ፖስታ ነበር እንጂ። የከፈለው 145 ዶላር ከ29 ሳንቲም ነው። ከዚህ ውስጥ የመላኪያው ዋጋ 2 ዶላር ከ44 ሳንቲም ብቻ ሲሆን የቀረው ሁሉ ለአንድ ሚሊዮን ዶላር መድን የተከፈለ ነው። አልማዙ በሰላም ደረሰ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚያስደንቀኝ ድንጋዩ አይደለም፤ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ነው። ዕቃ ማጓጓዝ ርካሽ ነው፤ እምነት ግን ውድ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የተሳሳትሁት። በ2015 ዓ.ም. እናቴ በሁለት ዓይኗ ሞራ ወጣባት። ለሕክምናው ገንዘብ ስላነሰኝ ከአባቴ አልበም ጥቂቱን፣ ከምኒልኮቹ በስተቀር፣ ለመሸጥ ወሰንሁ። በኢንተርኔት አንድ ሰብሳቢ አውሮፓ ውስጥ አገኘሁ። ሰውየው ገንዘቡን በሕጋዊ ሐዋላ አስቀድሞ ላከ፤ በዚህ ተደሰትሁ። ቀጥሎ ሁለት ነገር ለመነኝ። አንደኛ፣ በጉምሩክ ወረቀቱ ላይ «ስጦታ» ብዬ ዋጋውን አሳንሼ እንድጽፍ፤ ቀረጥ እንዳይጠየቅ። ሁለተኛ፣ በአደራ ሳይሆን በተራ ደብዳቤ እንድልክ፤ «የአደራ ምልክት ያለበት ፖስታ ውስጡ ውድ ነገር እንዳለ ለሌባ ይነግረዋል» አለኝ። ነገሩ ጥበብ ያለበት መሰለኝ። ለአደራ የሚከፈለውም ገንዘብ ተረፈኝ። እንዳለኝ አደረግሁ።

አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ሰውየው «አልደረሰኝም» አለ። ቁጥር የለኝም፤ ደረሰኝ የለኝም። አቤት ልል ብነሣ ወረቀቱ ላይ በራሴ እጅ የጻፍሁት «ስጦታ፣ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል» የሚል ነው። በውሸት ቃል ላይ የእውነት ካሳ አይጠየቅም። በመንገድ ቀረ? ከሰውየው ደጅ ጠፋ? ወይስ ደርሶት ካደኝ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንንም አልከስም፤ ጥፋቱ ከእኔ እጅ ነውና። ገንዘቡን ከደመወዜ በአምስት ወር ከፋፍዬ መለስሁለት። ባለማወቅ ውስጥ መክረም ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ዐፄ ቴዎድሮስንም ያኔ ይበልጥ አዘንሁላቸው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስልክ ለሌላ ገዢ ነበር። ቴምብሮቹን በየግልጽ ላስቲካቸው አድርጌ፣ እንዳይታጠፉ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አኖርሁ። ፊትና ጀርባቸውን ፎቶግራፍ አነሣሁ። በጉምሩኩ ወረቀት ላይ እውነተኛውን ስምና እውነተኛውን ዋጋ ጻፍሁ። በአደራም ላክሁ። በአምስተኛው ሳምንት ደረሰ፤ የፈረመበትም ወረቀት ታየ። እናቴ ዓይኗን ታክማ፣ ፋሻው የተፈታ ዕለት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አልበሙ ነበር። «አባትህ ያቆዩት አለ?» አለችኝ። «አለ እማዬ» አልኋት፤ ግማሹን እንደሸጥሁ ግን ለመናገር ሌላ ሳምንት ፈጀብኝ። ሰምታ ዝም አለች፤ ኋላም «ቴምብር ለመሄድ አይደለም እንዴ የተሠራ?» ብላ አቀለለችልኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ሁለተኛው ገዢ፣ ቅን የመሰለኝ ሰው፣ ሌላ ደብዳቤ ጻፈልኝ። የምኖርበትን አገር በካርታ አይቶታል። «በአካባቢህ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ ይባላል፤ የብራና መጽሐፍ ወይም አንድ ሁለት ቅጠል ብታገኝልኝ ከቴምብሩ እጅግ አብልጬ እከፍላለሁ» ይላል። የጠራው ገንዘብ የሁለት ዓመት ደመወዜ ነበር።

ጋይንት ማለት የድጓው ምስክር ቤት ቤተ ልሔም ያለባት፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ምስክር ቤት ዙር አምባ ያለባት ምድር ናት። ተማሪው ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ዓመታት ተቀምጦ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። በዚያ ያለው ብራና በመደርደሪያ ላይ የተረሳ ዕቃ አይደለም፤ በየሌሊቱ የሚዜም፣ ምልክቱ በጣት የሚከተሉት፣ ሲሳሳቱ የሚዳኝ ነው። አንድ ቅጠል ሲጎድል አንድ ሌሊት ዜማው ይሰበራል። ሕጉም ግልጽ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሆኖም እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ አዋጁ አልነበረም። በደላንታ ሜዳ ላይ ስለ ተዘረጋው ዕቃ ነበር። ያኔ ገዢው ከዝሆንና ከጦር ጋር ነበር የመጣው፤ ዛሬ በአንድ ትሑት ደብዳቤ መጣ። የሚፈልገው ግን ያንኑ ነው፤ ኪሣራውም የሚወድቀው እንደ ያኔው ባልሸጠው ባለቤት ላይ ነው።

ለቴምብር የሚሠጋ ሰው በመንገድ እንዳይጠፋ ይሠጋል። ለብራና የሚሠጋ ሰው ግን በሰላም እንዳይደርስ ይጸልያል። ብራናው በመንገድ ቢጠፋ ጥፋት ነው፤ ተጠቅልሎ፣ ተመዝግቦ፣ ተፈርሞበት በሰላም ቢደርስም ጥፋት ነው። ለእንዲህ ያለው ዕቃ የሚበጅ ካርቶን የለም፤ የሚገባለት መድንም የለም። አባቴ «አደራ» ሲሉኝ ምን ማለታቸው እንደ ነበር ያን ጊዜ የተረዳሁ ይመስለኛል። አትሽጥ ማለታቸው ላይሆን ይችላል፤ የሚሄደውንና የማይሄደውን ለይ ማለታቸው ነው።

ለሰውየው መልስ ጻፍሁ። ሰላምታ አቅርቤ፣ የጠየቀው ነገር ባለቤት እንዳለው፣ ባለቤቱም እኔ እንዳልሆንሁ ነገርሁት። መልሴን በኢንተርኔት መላክ እችል ነበር፤ ነገር ግን ወረቀት ላይ ጽፌ በአደራ ላክሁት። ፈርሞ እንደ ተቀበለ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ አልጻፈልኝም። ሦስቱ ምኒልኮች ዛሬም በአረንጓዴው አልበም የመጀመሪያ ገጽ ላይ አሉ፤ ልጅ ስወልድ የምሰጠው ቃልም አለኝ።

እንደ ልማዴ በስንኝ ልሰናበት፤

ቴምብር መንገደኛ ስንቁን ያዘለ ነው፣
አደራ ብለህ ስጥ ባሕር ይሻገረው፤
ብራና ግን ቄስ ነው ደብሩን የማይለቅ፣
ቢጠሩት አይሄድም በወርቅም በጨርቅ፤
የላኩት ቢጠፋ ይተካል በሌላ፣
የሸጡት አደራ አይገኝም ኋላ።

ቸር ይግጠመን።